ቡጢ ቀማሹ ወንድማችን

ለምወድሽ እትዬ፣

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም ነሽ ወይ? ያ ቆመሽ ልብስ የምትተኩሺበት ሥራ ወገብሽን አልጎዳውም? እንፋሎቱ ያቃጠለው ክንድሽስ ዳነልሽ? ባለቤትሽ እንዴት ነው? ልጅሽስ መራመድ ጀመረች? እኛ ተኝተን እናድራለን፣ ተነሥተን እንውላለን፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን። የእማዬ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ያማታል፣ ሲሄድ ይተዋታል። በስልክ ስታነጋግሪኝ «ደህና፣ ደህና» ብዬ የምዘጋው አኩርፌሽ እንዳይመስልሽ። ወንድማችን አጠገቤ ይቆማል፤ እሱ ባይቆም እማዬ ትቆማለች። ለዚህ ነው መጻፌ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል እንደተውኩት ታውቂያለሽ፤ ፊደል ብስት አንቺው አቃንተሽ አንብቢው።

አሁን የምሠራው ወንድማችን በሚውልበት የቦክስ ቤት ነው። ዱሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው። ወለሉን እወለውላለሁ። ቦክሰኞቹ ከጓንት ሥር እጃቸው ላይ የሚጠመጥሙትን ረጃጅም ጨርቅ አጥባለሁ፣ ገመድ ላይ አሰጣለሁ፣ ሲደርቅ ጠቅልዬ እመልሳለሁ። ማንም አያናግረኝም፣ እኔም ማንንም አላናግርም። ይህ ተስማምቶኛል።

ወንድማችን ውድድር ከተወ ቆየ። ሥራው ሌሎቹ ለውድድር ሲዘጋጁ ከእነሱ ጋር መጋጠም ነው። ክብደቱ መካከለኛ ስለሆነ ለሁሉም ይመቻል ይላል አሰልጣኙ፤ ለቀጫጮቹ ጠንካራ፣ ለወፍራሞቹ ፈጣን። በስልክ «ስፖርት ላይ ነኝ» የሚልሽ ይህንን ነው። የምንበላውም ከዚያ ነው።

ልምምድ አልቆ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ጨርቃቸውን ሲፈቱ የማያልቅ ክርክር አላቸው። ከሁሉ ቡጢው የሚከብድ ማን ነው ይባባላሉ። አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ ቀጭን፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ኪሎ ቢኖራቸው ማን ይበልጣል ነው ነገሩ። የቤቱ ሕግ ደግሞ ያልተመታ አይፈርድም ይላል። ከቀላል ሚዛን እስከ ከባድ ሚዛን በሁሉም የተመታው ወንድማችን ብቻ ስለሆነ ዳኛው እሱ ነው። ስሙም ቀማሹ ሆኗል። «ቀማሹ ይናገር» ከተባለ ቤቱ ጸጥ ይላል።

በፊት እሱ ሲናገር እኔም እጄን ከሳፋው አውጥቼ እሰማው ነበር። አንደኛ የሚያደርገው ልብስ ሰፊውን ነው። ልብስ ሰፊው ቀላል ሚዛን ነው፤ ብታዪው ነፋስ ይዞት የሚሄድ ይመስልሻል። «የሱ ቡጢ አይገፋህም፣ ይገባብሃል። ምንም አልሆንኩም ብለህ ልትራመድ ስትል ነው እግር እንደሌለህ የምታውቀው» ይል ነበር። ሁለተኛ ሥጋ ሻጩ ነው። እሱ ከባድ ሚዛን ነው፣ በበሩ ሲገባ ቤቱ ይጨልማል። «የሱ ከመኪና ላይ የተጣለ ጆንያ ነው፤ ይጥልሃል፣ ግን ሲመጣ ታየዋለህ» ይላል። ሦስተኛው ጎን ጎኑን የሚመታው ጎሚስታ ነው። «የሱ የሚሰማህ ቤትህ ገብተህ ራት ስትበላ ነው» ሲል ሁሉም ይስቃሉ። ጎሚስታውም «እኔ እኮ ስወለድም ሦስተኛ ነኝ፣ ሁለት ታላላቆች አሉኝ» ብሎ ይብስ ያስቃቸዋል።

ከክረምቱ ወዲህ ግን ነገሩ ተበላሸ። አንድ ቀን ሥጋ ሻጩን አንደኛ አደረገው። ልብስ ሰፊው «ምነው ቀማሹ፣ ምላስህን ታመምክ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በሚቀጥለው ልምምድ ግን አልሳቀም፤ ቦታውን ሊያስመልስ ነው የመታው። ወንድማችንም ልብስ ሰፊውን ወደ አንደኛ መልሶ ሥጋ ሻጩን ወደ ሦስተኛ አወረደው። አሁን ደግሞ የመምታቱ ተራ የሥጋ ሻጩ ሆነ። እነሱ ሆን ብሎ እሳት የሚለኩስባቸው ይመስላቸዋል። ወደ ቤት ስንሄድ፣ ዛሬ ማንን አንደኛ አልክ ብዬ ጠየቅሁት። «ልብስ ሰፊውን ነዋ፣ መቼ ተለውጦ ያውቃል?» አለኝ። የዚያን ዕለት አንደኛ ያለው ጎሚስታውን ነበር።

ቤትም እንዲሁ ነው። ሻዩ ውስጥ ስኳር ይጨምራል፣ ያማስላል፣ ደግሞ ይጨምራል። የሸሚዙን ቁልፍ ሲይዝ ጣቶቹ ይፈልጉታል እንጂ አያገኙትም። እማዬ «ሐሳብ ገብቶት ነው፣ ሚስት ቢያገባ ይለቀዋል» ትላለች።

ለአሰልጣኙ ልነግረው ሄድኩ። ታውቂኝ የለ፣ የምለውን እያጠናሁ ሄጄ ፊቱ ስቆም መሬት መሬቱን አየሁ። «ሳሙና አለቀ?» አለኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሳሙና ሰጠኝ። አላለቀብኝም ነበር፣ ግን ይዤው ተመለስኩ።

ወንድማችንን ራሱን ተው አልኩት። «ትቼ ምን ልሁን? ልብስ ልስፋ? ሥጋ ልሽጥ? እኔ የምችለው መመታት ነው» አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። ሁሉም እኩል ናቸው ቢል ማንም የሚያስመልሰው ቦታ አይኖረውም አልኩ። ነገርኩት፣ ሳቀብኝ፣ ግን እሺ አለ። ቦክስ ቤቱ እስክንደርስ ድረስ አስደገምኩት፤ እንደ ሕፃን «እኩል ናቸው፣ እኩል ናቸው» እያለ ሄደ።

እሱም አልረሳውም። ሲጠይቁት «ሁላችሁም እኩል ናችሁ» አላቸው። ሥጋ ሻጩ «ከዚህ ጋር እኩል? እኔ የሱን ክብደት ለቁርስ ነው የምበላው» አለ። ልብስ ሰፊው «ቀማሹ ጣዕሙ ጠፍቶበታል፤ ይቅመስና ይናገር» አለ። ጎሚስታው «ኧረ እኔ በእኩል ተስማምቻለሁ፣ ከሦስተኛ ይሻለኛል» ቢልም የሰማው የለም። አሰልጣኙ ሰዓቱን አይቶ «በሉ ቶሎ ቶሎ በሉ» አለ። በክፋት አልነበረም እትዬ፣ እየሳቁ ነው። ጨርቃቸውን ፈትተው ስለነበር የታጠበ አምጪ ተባልኩ፤ አመጣሁላቸው። ተራ በተራ ገቡ። ወንድማችን ቅምሻ ነው ብሎ ክንዶቹን አውርዶ ቆመላቸው። ሲጨርሱ «እህስ?» አሉት። «አንደኛ ልብስ ሰፊው ነው» አለ፤ ጣቱን የቀሰረው ግን ሥጋ ሻጩ ላይ ነበር። ግድግዳውን እስኪደግፉ ሳቁ።

እጁን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሐኪሟ ዓይኑን በመብራት አየችው፣ ጣቷን እያንቀሳቀሰች ተከተል አለችው። ከእንግዲህ አንድም ቡጢ እንዳያርፍበት አለች። እሺ አላት። በሩ ላይ ስንደርስ ሐኪሟ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እሺ አለ። በማግሥቱ ጓንቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። ሥጋ ሻጩ ለትልቅ ውድድር እየተዘጋጀ ነው፤ አሰልጣኙ ያለ ቀማሹ አይሆንም ብሏል።

ነይ ማለቴ አይደለም፤ ያለሽበት ሩቅ ነው፣ አሠሪሽም እንደማይለቅሽ አውቃለሁ። በስልክ ምከሪው ልልሽም ነበር። ከማንም በላይ የሚሰማው አንቺን ነው፤ ብትነግሪው እሺ ይልሻል። ችግሩ እሺ ማለቱ አይደለም። እሺ ያለውን ስልኩን ሳያስቀምጥ ይረሳዋል። አንድ ሰው እንኳ ይወቅልኝ ብዬ ጻፍኩ እንጂ ምን አድርጊ እንደምልሽ እኔም አላውቅም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። የልጅሽን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ፤ አክስት አለችሽ በያት። እማዬ ብርድ እንዳይመታሽ ወገብሽን እሰሪ ብላሻለች። ስለዚህ ነገር በስልክ እንዳታነሺባት። ለአንቺ እየጻፍኩ እንደሆነ ለወንድማችን ነግሬው፣ ምን ልበልልህ አልኩት። «ምን ያስጽፍሻል? ከሥራ ስትገባ ትነግሪያት የለ» አለኝ። ትናንት ሲመሽም እማዬ በሩን ልትቀረቅር ስትነሣ «ተይው፣ እትዬ አልገባችም» አላት። እማዬ መቀርቀሪያውን እንደያዘች ቆማ እኔን እኔን አየችኝ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከቤታችን፣ መስኮቱ ሥር
እሑድ ከሰዓት፣ የካቲት 9 ቀን