እማዬ እሺ አላለችም

16/11፣ እሑድ

ከእማዬ ጋር ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ደርሰን መጣን። ከሰፈራችን ከአፉላ ኢሊት ቁልቁል በአውቶቡስ፣ ሽቅቡን በታክሲ፤ ጉልበቷ እንቢ ብሏል። ሐኪሙ ስለ ጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ብዙ አወራ። እኔ ሥራ ይጠብቀኛል፣ አሳጥሬ አሳጥሬ አስተረጎምኩ። እማዬ በየመሃሉ አንገቷን ደፍታ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች፣ እንደ አገር ቤት። ተስማምታለች አልኩት። ፈረመች። ሌላ በሽተኛ ቀርቶ ኖሮ ለሚመጣው እሑድ ቶር፣ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ፣ ተገኘ። ዕድል ነው ደብተሬ! ሰው ስንት ወር ይጠብቃል።

18/11፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ምሳዋን አልነካችም። ጾም ገባ እንዴ ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። ጋቢዋን አጥባ፣ አጣጥፋ ሰጠችኝ፤ አንቺ ጋ ይቀመጥ አለች። ተቀበልኩ። ስልክ ላይ ነበርኩ፣ ለምን አላልኩም።

19/11፣ ረቡዕ

ወንድሜ ማሩ ከሃይፋ ደወለ። በአፏ እሺ ብላለች ወይ አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ትንፋሿን ስባለች፣ ፈርማለች እያልኩ ተሟገትኩ። ሳቀብኝ። እማዬ እኮ ለሬዲዮ ዜና አንባቢም ትንፋሽ ትስባለች፤ እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለቷ ነው አለ።

እውነቱን ነው። የጎንደር ልጅ ይህን አያጣውም። እኔም አውቃለሁ፤ ሥራ እንዳይረፍድብኝ አውቄ አለፍኩት። ሕፃናት ማቆያ እኮ ነው የምሠራው! አፉን ያልፈታ ልጅ ምን እንደጎደለው ከዓይኑ እለያለሁ። የእናቴን ግን... አፈርኩ።

20/11፣ ሐሙስ

ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀዶ ሕክምናውን ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት። እናንተ ካላችሁ አለች፣ ወለሉን እያየች። ላስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁ። ነጠላዋ ጣቷ ላይ ዞረ፣ ተፈታ፣ ዞረ። በመጨረሻ ቀና አለች፦

«ተኝቼ ሳልነቃ ብቀርስ፣ ልጄ? ጋቢውን ለዚያ ብዬ ነው የሰጠሁሽ። እኔ ኒቱዋሕ፣ መቀደድ፣ አልፈልግም፣ እያነከስኩ ልኑር።»

ያኔ ለምን አልተናገርሽም አልኳት። ትልቅ ሰው ሲናገር እንዴት አቋርጣለሁ፣ አንቺም ቸኩለሽ ነበር አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በደልኳት። ነገ ዓርብ ነው፣ የቀጠሮ ቢሮው በጊዜ ሳይዘጋ ደውዬ ቶሩን አሰርዛለሁ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም እላለሁ። ሐኪሙ እንደገና ላናግራት ካለ ደግሞ የዚያን ቀን ሥራ አልገባም፣ ቃል በቃል አስተረጉምላታለሁ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። አልጠራችኝም። ልነሣና ልስማት።