ቶኪዮ ላይ ግጥሙ የጠፋብኝ ምሽት
ቶኪዮ፣ ሜይ 2007

እህቴ ኡሙሰልማ፣ ሜልበርን ዲር ፓርክ እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። እኛን የድሮውን ባንድ አባላት አንድ ትንሽ የጃዝ ክለብ ለአራት ምሽት ቡክ አድርጎናል። በመጀመሪያው ምሽት ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግጥሙ ጠፋብኝ። ሜልበርን የኛ ሰዎች ሰርግ ላይ ቢሆን እልልታውና ጫጫታው ይሸፍንልኝ ነበር። እዚህ ግን ሰው ትንፋሹን እንኳ አያሰማም። ጠበቁኝ፤ አልመጣልኝ ሲል ሳልጨርሰው ወረድኩ።

ሳክስፎን የሚነፉትን ጋሼ ወልደአማኑኤልን «ነገ አልዘፍንም፤ አርጅቻለሁ» አልኳቸው።

«እኔስ ሰባ ሁለት ዓመቴ አይደለም እንዴ? ትዘፍኛለሽ!» አሉኝ።

በማግስቱ ስወጣ የትናንቶቹ ሰዎች እዚያው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ለካ አራቱንም ምሽት ነው የሚመጡት! ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ሁለት ጣታቸውን አነሱልኝ፤ ሁለተኛውን ዘፈን ማለታቸው ነው። እስከ መጨረሻው ዘፈንኩላቸው። እሳቸው ተነስተው ሲያጨበጭቡ እንባዬ መጣ።

ዛሬ ሦስተኛው ነው፤ ልለብስ ነው። ባለቤትሽን ሙሔን ሰላም በይልኝ። ልጅሽ ሳጂዳ ኤርፖርት ላይ «ዶንት ዎሪ፣ አንቲ» ብላኝ ነበር። በጣም ተጨንቄ ነበር፣ አሁን ግን አልፎልኛል በያት። ፖስትካርዱ ሞላ።

ወርቅውሃ