ኳስ በአሥር ልኬት የደረደሩት የታይሲያ ሆርዲየንኮ ሕይወት

ታይሲያ ኦስታፒቭና ሆርዲየንኮ ከአባታቸው ከኦስታፕ ሆርዲየንኮና ከእናታቸው ከመላኒያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1941 በኬርሶን ክፍለ ሀገር በሆላ ፕሪስታን ተወለዱ። እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ፤ እናታችን ወደብ ላይ ሐብሐብ ይጭኑ ስለነበር ታይሲያ በሰባት ዓመታቸው «እማዬ፣ ክፍተቱ ላይ አስቀምጪው፣ ብዙ ይገባልሻል!» እያሉ ጫኚዎቹን ያስቁ ነበር።

በ1958 ኻርኪቭ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1963 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። በ1964 ከመሐንዲስ ሄናዲ ጋር ትዳር መሥርተው ሚሮስላቫን ወለዱ። በ1965 በፕሮፌሰር ዛብሉድስኪ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተቀጠሩ። ምነው ባልተቀጠሩ!

ሥራቸው እኩል ኳሶች እንዴት ቢደረደሩ ጠብቀው እንደሚገቡ መመርመር ነበር። እኛ ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት ብለን ሦስት ላይ ስናቆም እሳቸው እስከ አሥር ይቀጥላሉ። ፕሮፌሰሩ ሃያ ዓመት ያስተማሩት፣ ከሁሉ የጠበቀው አደራደር ምንጊዜም እኩል የሚደጋገመው ነው፤ ከአንዱ ኳስ ወደ ሌላው የወሰደህን እርምጃ ብትደግመው ዘወትር ኳስ ላይ ታርፋለህ እያሉ ነው። ታይሲያ በአሥር ልኬት፣ እርምጃው ሲደገም አንዳንዴ ባዶ ላይ የሚጥል፣ ግን እስከዚያ ከሚታወቁት ሁሉ የጠበቀ አደራደር አገኙ።

በእኛ ዘንድ ጽሑፍ ወደ መጽሔት የሚሄደው አለቃ «እንዳይታተም የሚከለክለው የለም» ብሎ ሲፈርምበት ነው። ፕሮፌሰሩ አንዲት ገጽ ሳያነቡ «ስህተት ነው። ሂጂ እንደገና ቁጠሪ» አሉ። እህቴ አራት ጊዜ ቆጠሩ። አራት ጊዜም ያው ነው! «ታዲያ አምስተኛ ቁጠሪዋ፤ ምን አስቸኮለሽ? ኳሶቹ አይሸሹም!» አሏቸው። ጽሑፉንም ሦስት ዓመት መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ አንድ የውጭ አገር ሰው ያንኑ አሳተመ። ፕሮፌሰሩ ስብሰባ ላይ አጨብጭበው «ድንቅ ነው፣ ማን ያስብ ነበር!» አሉ። ያሰቡትማ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ዛሬ ደግሞ «ለታማኝ ተማሪያችን» የሚል የአበባ ጉንጉን ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንቱ የምላቸው ለወጉ ያህል ነው። ዓይን አውጣ!

ታይሲያ በ1981 ሥራውን ትተው እስከ 1997 በማታ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 1998 በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና እኔን ታናሽ እህታቸውን ኦሪስያን ትተው ሄደዋል። የሰማይ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ይደምርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

ሆስፒታል ሳሉ እጄን ይዘው «ኦሪስያዬ፣ በቀብሬ ላይ ሰውዬውን እንዳትሰድቢ። ያገኘሁበትን ዓመት ብቻ ተናገሪ» ብለውኝ ነበር። የመጀመሪያውን አደራ በልቻለሁ። ሁለተኛውን ግን እነሆ፦ ጥቅምት 1977 ነው። የውጭው ሰው ያሳተመው በ1980 ነው። ሁላችሁም ሰምታችኋል። ተናገርኩልሽ፣ እህቴ፤ አሁን ዕረፊ።