ታላቶ ተቆጣጣሪውን የሰደበችበት ሐሙስ

ይድረስ ለማከብርህ ወንድሜ ለራስማኔ፤ እንደምን ከርመሃል? የካካዎው ጆንያ ወገብህን እንደገና አላስቸገረህም? ሚስትህ ማይሙናስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው፤ «ያን ልጅ ያቺ የሰው አገር ኩማሲ በላችው» እያለች ጠዋት ማታ ታማሃለች።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፤ ካልነገርኩህ ሆዴ አይችልም። እንደምታውቀው እዚህ ያኮ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንዳስተምር የተቀጠርኩት ለአንድ ዓመት ነው። ልጆቹ ሌላውን ሁሉ የሚማሩት በፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ ጻፉ ስላቸው ይጽፋሉ፤ ተናገሩ ስላቸው ግን ስልሳ አፍ ባንዴ ይቆለፋል። ተሳስቶ መሳቂያ ከመሆን ዝምታ ይሻላቸዋል። በተለይ ታላቶ የምትባል የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ፣ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የእኛ የሞሲ ልጆችና የሳሞ ልጆች እንደ ልማዳችን ሲሰዳደቡ ሰማሁ። «እናንተ ውሻ በሊታዎች» ይላል አንዱ፤ «ዝም በሉ፣ አህያ አራጆች» ይላል ሌላው። መቼም በሁለቱ ነገዶች፣ በሞሲና በሳሞ መካከል ከጥንትም ስድብ ፍቅር ነው፤ የሚያፍረው የተቀየመው ነው። «አሴታ፣ አንቺ ደንቆሮ፣ መድኃኒቱ እጅሽ ላይ ነበር» አልኩ ለራሴ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ የመጨረሻዋን ሰዓት ስድብ ፈቀድኩ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ። አቤት የወረደው ስድብ!

ርዕሰ መምህሩ ሙሴ ዞንጎ «ይሄ ትምህርት ነው ወይስ የከብት ገበያ?» ብለው ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ አስጠሩብኝ። ተቆጣጣሪው አይሆንም ካሉ ሰዓቷም ትቀራለች፣ እኔም በሰኔ ጓዜን ጠቅልዬ እወጣለሁ።

ከትናንት በስቲያ መጡ፤ ሸበቶ፣ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ። ልጆቹ ገና ሲያዩአቸው አፋቸው ተመልሶ ተቆለፈ። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ወይ ፍንክች። ሙሴ ዞንጎ ጥግ ቆመው ጉሮሮአቸውን ይጠርጋሉ። አበቃልኝ ብዬ ጠመኔዬን አስቀመጥኩ።

ይሄኔ ታላቶ ብድግ አለች። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ጌታዬ፣ የቤተሰብ ስምዎ ማን ይባላል?» አለቻቸው። «ቶዌ» አሉ፤ የሳሞ ስም። «እንግዲያው እባክዎ በር ሥር አይቀመጡ፤ ግቢያችን ውስጥ ያለው ውሻ አንድ ብቻ ነው» አትላቸውም!

 ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና በእንግሊዝኛ፣ «አንቺ የሞሲ ልጅ፣ በእግሬ የመጣሁት አያትሽ የኔን... የኔን...» ብለው ቃሉ ጠፋቸው። «አህያ» ብላ ያቀበለቻቸው ራሷ ታላቶ ናት፤ «አርዶ ስለበላብኝ ነው!» ብለው ጨረሱ። ሳቃቸው ጣራውን ነቀነቀው። ከዚያ ወዲያማ ልጆቹን ማን ይያዛቸው፤ ደወል ተደውሎ እንኳ የተነሳ የለም።

ሲወጡ «ይህች ሰዓት ሁለት ትሁን፤ አስተማሪዋም ትቆይ» አሉ። ሙሴ ዞንጎም «እኔም ይህንኑ ሳስብ ነበር» አሉ፤ ሰው እንዲህ ነው። ከዚያ ተቆጣጣሪው ወደኔ ዞረው «እንግሊዝኛ በስድብ ማስተማሩን ከማን አገኘሽው?» አሉኝ። «እኔ እንድማር ብሎ ትምህርት ቤት ያልገባ ወንድም አለኝ። እንግሊዝኛ ከሚነገርበት ከኩማሲ ለበዓል በመጣ ቁጥር በእንግሊዝኛ ይሰድበኝ ነበር፤ አጸፋውን ካልመለስኩ ስጦታዬን አይሰጠኝም ነበር» አልኳቸው። ስምህን ጠይቀው መዝገባቸው ላይ ጻፉት። ወንድምዓለም፣ እያየሁ ጻፉት፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ስምህ ሰፈረ። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ሳሊፉንና ትንሿን ቢባታን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ለማይሙናም ሰላምታዬን አቅርብልኝና፣ የሳሞ ልጅ ናትና ንገራት፤ በነገድ አጎቷ የሚሆኑ ትልቅ ሰው ያኮ ላይ በአንዲት የሞሲ ልጅ ተረትተዋል። እማማ መርቃሃለች፤ ስምህን የጻፉትንም ሰውዬ ሳሞ መሆናቸውን ይቅር ብላ መርቃቸዋለች።

እህትህ አሴታ
ያኮ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2017