ኤክስ ያለባቸው አጫጭር ቃላት

ሲያትል፣ ጥቅምት 1989 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ደስታነሽ፣

ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ዝናቡም አባርቷል፣ ደህና ነኝ።

ከዴ ሞይን ወደ ሬኒየር ቫሊ ቤት ቀይሬያለሁ፤ ለሆስፒታሉ ይቀርባል። የኤርፖርቱን ሥራም ቀንሻለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ከአንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ጎን አራት አራት ሰዓት እቀመጣለሁ። ደማችን በማሽን ተጣርቶ እስኪያልቅና ነርሷ መርፌውን ከክንዳችን እስክትነቅል ድረስ ፊደል እየገጣጠምን ቃል የመሥራት ጨዋታ እንጫወታለን። ኤክስ የምትባለው ፊደል ብዙ ነጥብ ስለምታስገኝ አጫጭሮቹን ቃላት አጠናኋቸው፦ ኦክስ በሬ ነው፣ ፎክስ ቀበሮ፣ ዋክስ ሰም።

ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ «ፒክስ» የሚል ቃል ሠርታ አሸነፈችኝ። ትርጉሙን ብጠይቃት፣ ቄስ ለታመመ ሰው ቁርባን ይዞ የሚሄድበት ትንሽ ዕቃ ነው አለችኝ። ለዚህ ሁሉ ነገር ሦስት ፊደል ብቻ!

እኔም እሁድ ዕለት ቆረብኩ። አዎ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ከሕፃናቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተሰልፌ።

ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬ መቁረቤን ከሰማች ግን፣ በተክሊል አግብቷል በያት።

ወንድምሽ መሳፍንት