ከቀይ መስመሩ በታች፦ የእትዬ በረዶ የሕይወት ታሪክ

እትዬ በረዶ በ1946 ዓ.ም. ከመረብ ጠጋኙ አባታቸውና ከዓሣ ሻጯ እናታቸው፣ ወደቡ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ፣ ለአራት ታናናሾቻቸው ደግሞ ሁለተኛ እናት ነበሩ። ረጅም ወሬ አይወዱም ነበርና ይኼም አይረዝምም።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ጀምረው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ዘለቁ። ጎበዝ ነበሩ፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረባቸውም። አንድ ጊዜ አስተማሪያቸው እናታቸውን አስጠርተው፣ "ይቺ ልጅ መልሱን ታውቃለች፤ ችግሩ ጥያቄው እስኪያልቅ አትጠብቅም" ብለው ከሰሱ። እናትየውም፣ "እኛ ቤት ቆሞ ያሰበ ሰው ዓሣው ይሸትበታል" ብለው ወደ ገበያቸው ተመለሱ።

ትምህርት እንደጨረሱ በረዶ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ስማቸውም ከዚያ ወጣ። ስሙ ከጠባያቸው ጋር እንደማይገናኝ እዚህ ለቆመ ሰው መንገር አያስፈልግም።

በዚያ ዘመን የሰፈሩ ዓሣ ከሰፈር አያልፍም ነበር። ብዙ የተያዘ ቀን ዋጋው ይወድቃል፤ ሲመሽ የተረፈው ይደፋል። እፊታቸው ደግሞ መርከብ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ማቀዝቀዣ ባላቸው ኮንቴይነሮች የሰው አገር ምግብ አራግፎ ኮንቴይነሮቹን ባዷቸውን ይዞ ይመለሳል። ይኼን ሁሉም ሰው ያያል። የተናደዱት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በ1979 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው የጀልባ ባለቤቶቹን ሰበሰቡና፣ "ዓሣችንን አድርቀን ሳይሆን አቀዝቅዘን በመርከብ እንላክ" አሉ። ተሳቀባቸው። ከሁሉ የምታንሰው ጀልባ የእሳቸው ስለሆነች "አድሚራል" የሚባሉት አንጋፋ ዓሣ አጥማጅ፣ "ልጄ፣ ዓሣ ባሕር የሚሻገረው በቁሙ ነው፤ ከሞተ በኋላ ምን አደከመው?" አሉ።

"ተኝቶ ነው የሚሄደው ጋሼ፤ አይደክመውም።"

እየሳቁ እሺ አሉ። ከባሕር ማዶም አንድ ገዢ ተገኘ። ሰውየው ከዚህ በፊት ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ ቀልጦ ደርሶበት ተቃጥሏል። ስለዚህ በስልክ ቁርጡን ተናገረ፦ አንድ ኮንቴይነር ይሞክራል፤ ከቀለጠ ሁለተኛ እንዳይደውሉለት። አድሚራልና ጓደኞቻቸው የወር ዓሣቸውን ገበያ ሳያወጡ ለእትዬ በረዶ አስረከቡ፤ እሳቸውም በረዶ ፋብሪካው ውስጥ አስቀዝቅዘው በካርቶን ከተቱት። ዓሣው ቀለጠ ማለት ሰፈሩ ይኼን ነገር ዳግመኛ በዓይኑ አያየውም ማለት ነው።

እዚህ ላይ እትዬ በረዶ ተሳሳቱ። በረዶ ፋብሪካ ያደገ ሰው ባዶ ቦታ ያስፈራዋል፤ እዚያ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ካልተጠቀጠቀ በረዶው ቶሎ ይቀልጣል። እትዬ በረዶም በለመዱት እጃቸው ኮንቴይነሩን መርፌ እንዳታስገባ አድርገው እስከ ጣሪያው ሞሉት። ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰመረውን ቀይ መስመር አይተውታል። ጌጥ መስሏቸው ነው። በሩ ተዘጋ፣ ጉምሩክ አሸገው፣ ወደብ ገባ።

ወደቡ ላይ ኮንቴይነሮቹን መብራት ላይ የሚሰኩ፣ እየዞሩም ቅዝቃዜያቸውን የሚያዩ አንድ ወጣት ቴክኒሻን ነበሩ። ሠራተኛው "ሶኬት" ይላቸዋል። መርከቡ በሚነሳበት ቀን ረፋድ ላይ እትዬ በረዶ ኮንቴይነራቸው ሥር ሲንጎራደዱ አገኟቸው።

"አብረሽው ልትሄጂ ነው እንዴ?"

"ቦታ ቢኖር እሄድ ነበር። እስከ ጣሪያው ሞልቼዋለሁ።"

የሶኬት ፊት ተለወጠ። "ከቀይ መስመሩ በላይ?"

"የቱ? ያ ጌጡ?"

"ስሚኝ እህቴ፣ ይኼ ማሽን የቀዘቀዘውን ይጠብቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ብርዱ በወለሉ ገብቶ በጣሪያው ነው የሚመለሰው። አንቺ መመለሻውን ደፍነሽበታል። በሩ ጋ ያለው ዓሣ ባሕር መሀል ይቀልጣል።"

እትዬ በረዶ አላለቀሱም። "ክፈተው" አሉ።

መክፈት ግን አይቻልም። እሽጉ የሚቆረጠው የጉምሩክ ፈታሹ ባሉበት ነው፤ ፈታሹ ደግሞ ምሳ ላይ ናቸው። እትዬ በረዶ ምግብ ቤቱ ድረስ በሩጫ ሄደው ቢለምኗቸው፣ "ከምሳ በኋላ" አሉ፣ ማንኪያቸውን እንኳን ሳያወርዱ። እትዬ በረዶም ሳህኑን አንስተው ወጡ። ፈታሹ ምሳቸውን ተከትለው ወደቡ ደረሱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ወንድሞቻቸው ዓሣ ተራ ገብተው ሰው ጠሩ፤ ዓሣ ሻጮቹ መሸጫቸውን ሜዳ ላይ ትተው፣ ዓሣ አጥማጆቹም መረባቸውን ጥለው መጡ። ሶኬት ሙቅ አየር እንዳይስብ ማሽኑን አጠፉት። በሩ ተከፈተ። ከመስመሩ በላይ ያለውን ካርቶን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አወረዱት፤ ጋሪዎቹም እየተቀበሉ ወደ በረዶ ፋብሪካው በረሩ። በሩ ጋ ያለው ቀላል ነበር። ጥግ ድረስ ያለውን ግን ማን ያውጣው? እትዬ በረዶ የሶኬትን ካፖርት ነጥቀው ለበሱና ካርቶኑ ላይ በሆዳቸው እየተሳቡ ገቡ፤ በእግራቸውም እየገፉ ወደ በሩ ይልኩት ጀመር።

"አንቺ ልጅ፣ አንቺኑ ሊልኩሽ ነው? ውጪ!" እናታቸው ናቸው፣ ከበሩ።

"ካርቶኑን ተቀበዪኝ እማዬ፣ ወሬውን ተይው!"

አድሚራል በዚያ ዕድሜያቸው ከሁሉ ፊት ቆመው ይቀበሉ ነበር። ፈታሹም ምሳቸውን ቆመው ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው ካርቶን ተቀበሉ። ቀይ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ወጣ። በሩ ተዘጋ፣ እንደገና ታሸገ፣ ማሽኑ ተነሳ። ሰው ሁሉ የቅዝቃዜ መለኪያው ሥር ተሰበሰበ። መርፌው መጀመሪያ ወደ ላይ ወጣ። ቆመ። ከዚያ መውረድ ጀመረ፤ ወረደ፣ ወረደ። ክሬኑ ኮንቴይነሩን ሲያነሳው ዓሣ ሻጮቹ እልል አሉ፤ እትዬ በረዶ ከንፈራቸው በብርድ ደርቆ እልልታው እንኳን አልወጣላቸውም።

ገዢው የደወለ ቀን ሰላምታም አልሰጠም። "ሁለተኛውስ መቼ ነው?" አለ።

አድሚራል ይኼን ሲሰሙ፣ "እኔ ያልረገጥኩትን አገር ዓሣዬ ረገጠው" ብለው ቀኑን ሙሉ ሲኩራሩ ዋሉ።

እትዬ በረዶ በ1980 ዓ.ም. ከሶኬት ጋር ተጋቡ። ማን ማንን እንደጠየቀ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሶኬት ካፖርታቸውን ሊያስመልሱ ሄደው ቀሩ ይባላል። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ሥራውም አብሮ ወለደ፦ ከዓሣው ሽሪምፕ፣ ከሽሪምፑ ማንጎ ተከተለ። የማንጎው ጸባይ ሌላ ነው፤ ተቆርጦም ይተነፍሳልና አየር ማስገቢያው ተከፍቶለት ነው የሚሄደው። ይኼን ልጆቻቸው ከፊደል በፊት ነው ያወቁት። ቀይ መስመሩንም ጫኝ በተቀየረ ቁጥር እትዬ በረዶ ራሳቸው ገብተው በጣታቸው ያሳዩ ነበር፤ "እኔ ጌጥ ነው ብዬ ነበር" እያሉ። የልጆቻቸው የሰርግ ቀን የተቆረጠው መርከብ የማይመጣበት ቀን ታይቶ ነው።

ባለፈው ዓመት ልባቸውን ታመሙ። ሐኪም ዕረፍት አዘዘ፤ አልሰሙም። ሆስፒታል ከገቡ በኋላም የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ስንት ነው?" አንድ ቀን ነርሷ ስለ ትኩሳታቸው መስሏት "ሠላሳ ሰባት" ብትላቸው፣ "አለቀልን! ማን ነው የነቀለው?" ብለው ከአልጋቸው ሊወርዱ ሞከሩ። ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም ተለዩ።

እትዬ በረዶ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ አራት ወንድምና እህቶቻቸውን፣ ዓሣው የማይደፋበትንም ሰፈር ትተውልናል። ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ቆመው ያስጫኑት ኮንቴይነር አሁን ባሕር ላይ ነው። ትልቋ ልጃቸው ከቤት ስትወጣ ቅዝቃዜውን በስልኳ አይታዋለች፤ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት። አልተነቃነቀም። ነገ ጠዋት ሌላ ጭነት አለ፤ በሳቸው ምክንያት እንዳይቀር ብለዋል፣ አይቀርም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማዕበል በሌለበት ያሳርፍልን። በሩ ላይም ወረፋ አያስጠብቃቸው።