ከሎደሩ ኋላ የነበረው መንገድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለልጆቼ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? እህትህ ደውላ «እቤቴ ከመጣ ወዲህ እህል አይቀምስም፣ ሰውም አያናግርም» አለችኝ። እኛ ደህና ነን። ትልቋ ፈተናዋን አልፋለች፤ ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ንግግሩ ሁሉ ፉጨት ሆኗል።

ስልክ ስለማታነሳ ነው የምጽፍልህ። ጓደኛዬ ቀጮ አልሞተችም። ሰው ነግሮህ ቢሆንም ከእኔ ስማው። ጭኗ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል፤ አሁን በምርኩዝ መሄድ ጀምራለች።

ያን ቀን ቆሻሻ ከምትገፋበት ሎደር ዘለህ ወርደህ ስትጮህ ከሰማሁህ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ግን አንተ መሪው ላይ ሆነህ ያላየኸውን እኔ ቆሻሻ ከምንለይበት ጠረጴዛ ሆኜ አይቻለሁ። የቆሻሻ መኪናው ጭነቱን እንደገለበጠ ቀጮ ፕላስቲክ ልትለቅም ከኋላህ ገባች፤ አንተም ሳታያት ወደ ኋላ ስትመለስ ማሽኑ ገጫት። ሁላችንም በዚያው ነው የምንመላለሰው፤ ወደ ውኃውም ወደ መጸዳጃውም ሌላ መንገድ መች ነበረን? ማሽኑ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸው ደወል ከተበላሸ ቆይቷል። ለአለቃው ስትነግረው እኔም አጠገብህ ቆሜ ነበር። «መስታወት አለህ አይደል?» ነው ያለህ። መስታወት ጎንበስ ያለ ሰው አያሳይም።

በማግስቱ አለቃው ሰብስቦን «ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፤ እሱም ሄዷል። በሉ ወደ ሥራ!» አለ። በአንተ አላክኮ ሊያልፈው ነው። ቆሻሻ ከምንለየው ሴቶች አንዷም ለሥራ አልተነሳችም። ሄደን ዋናው በር ላይ ተቀመጥን። መኪኖቹ እስከ አስፋልቱ ተሰለፉ፤ ሽታው ሰፈሩን ሲያዳርስ ሥራ አስኪያጁ አፍንጫውን ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

«ከመኪና ጋር መጋፋት ሰልችቶናል» አልኩት። «የእግረኛ መንገድ ለብቻው ይሁን። ማሽን ሲገባ ሰው ይውጣ፤ ሰው ሲገባ ማሽን ይቁም።»

«እንዲህማ ከሆነ ሥራው ይጓተታል!»

«ዛሬስ ምኑ ሄደ?» አሉት የመኪኖቹን ጭነት የሚመዝኑት የሚዛን ቤቱ ሽማግሌ።

ሰውየው ሰልፉን ዞሮ አየና ስልኩን አውጥቶ ብሎኬት እንዲመጣ አዘዘ።

አሁን የእግረኛው መንገድ በብሎኬት ታጥሯል። ደወሉም ተጠግኗል። ለማሽኑ ምልክት የሚሰጥ ሰው ተመድቧል፤ እሱም እኔ ነኝ። ቀይ ባንዲራና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ሰጥተውኛል፤ ሰደርያው ሁለት እኔን ይይዛል። መጀመሪያ ቀን አንዱ ሾፌር «እናትዬ፣ ዞር በይልኝ፣ ቸኩያለሁ!» እያለ ጡሩምባውን አንባረቀብኝ። ንቅንቅ አላልኩም። «አይዞህ፣ ቆሻሻውን የሚሻማህ የለም» አልኩት። ቀጮ ይህን ስነግራት ሳቋን ለቀቀችው፤ «ባልሽን አባረሽ ስትጨርሺ ደግሞ መኪና ማባረር ጀመርሽ?» አለችኝ። አንተ ላይ ቂም የላትም። «ይምጣና ይጠይቀኝ፤ ባዶ እጁን ግን እንዳይመጣ» ብላለች። ቃሏን እንዳለ ነው የጻፍኩልህ።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አልልህም። አንዳንዶቹ ዛሬም አጥሩን ዘለው ያቋርጣሉ፤ እጮህባቸዋለሁ። ሎደሩን አዲስ ሰው ይዞታል። ጎበዝ ነው፣ እጄን ሳላነሳ ጎማው አይንቀሳቀስም። ቢሆንም ደወሉ በጮኸ ቁጥር ከጎማው ኋላ ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

ሥራ አስኪያጁ «ከፈለገ ይመለስ» ብሏል። መሪ መያዝ ካስጠላህ ሽማግሌው ጡረታ ሊወጡ ነውና ሚዛን ቤቱ ሰው ይፈልጋል። ሁለቱንም ካልፈለግክ ቤት ተቀመጥ፤ የምንቀምሰው አናጣም።

ጎረቤት ሲጠይቀኝ «እህቱን ሊረዳ ሄዷል፤ ሰሞኑን ይመጣል» እላለሁ። ለልጆቹም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። መቼም ታውቀኛለህ፣ ውሸት አይሆንልኝም፤ ፊቴ ያሳብቅብኛል። ትልቋ ትናንት ትኩር ብላ አየችኝና ሳህንህን አጥባ «ሲመጣ ይፈልገዋል» ብላ መልሳ ቦታው ላይ አስቀመጠችው።

ፈጣሪ እንቅልፍህን ይመልስልህ፤ መንገድህንም ያቅናልህ።

ባለቤትህ